በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ የጣሪያ ጠርዝን በሬቪት ስሠራ የገጠመኝ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ለሚሠራ አንድ የግል የሠርግና የስብሰባ አዳራሽ ዲዛይን ሳወጣ፣ ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ የጣሪያው የፊት ጠርዝ ነበር። ጣሪያው ከፊት ሲታይ እንደ በርሜል ቁራጭ የጎበጠ ነው፤ የፊት ገጹ ደግሞ ከላይ በፕላን ሲታይ ወደ መንገዱ በቅስት ይወጣል። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ውጭ ስለሚጎብጥ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ጠርዝ በአንድ ጊዜ ከአናቱ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላና ወደ ታች የሚሄድ መስመር ሆነ። በፕላን ላይ ቅስት፣ በፊት ገጽ ላይም ቅስት ሆኖ ይታያል፤ በእውነቱ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። እንዲህ ያለ ጠርዝ ለገጠማቸው ባለሙያዎች ይጠቅማል ብዬ፣ ያባከንሁትን ጊዜ ጭምር እጽፈዋለሁ።

መጠኖቹ ለሚቀጥለው ነገር ሁሉ መሠረት ስለሆኑ አስቀድሜ ልናገራቸው። የአዳራሹ ስፋት 12 ሜትር ሲሆን፣ የጣሪያው ቅስት ከመነሻው እስከ አናቱ 2 ሜትር ይነሣል። የቅስትን ራዲየስ ለማግኘት የስፋቱን ካሬ ለከፍታው 8 እጥፍ አካፍሎ የከፍታውን ግማሽ መደመር ይበቃል፤ ስለዚህ 144 ለ16 ሲካፈል 9፣ በእርሱ ላይ 1 ሲደመር የጣሪያው ራዲየስ 10 ሜትር ይሆናል። የፊት ገጹ ግን በመጀመሪያው ንድፌ ወደ ውጭ የሚወጣው 1.5 ሜትር ብቻ ስለነበር፣ በዚያው ስሌት ራዲየሱ 12.75 ሜትር ይመጣል። እነዚህን ቁጥሮች የመረጥኋቸው ለዓይን ስላማሩኝ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ችግሩም የጀመረው ከዚህ ነው።

በሬቪት፣ ማለትም በሕንጻ ሞዴል መሥሪያው ፕሮግራም፣ ጣሪያውን በኤክስትሩዥን (አንድን ቅርጽ በቀጥታ በማስረዘም) አወጣሁና ፊቱን በቨርቲካል ኦፕኒንግ (ቀጥ ብሎ ወደ ታች በሚቆርጠው መሣሪያ) በፕላኑ ቅስት ቆረጥሁት። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም። ከዚያ የፋሺያውን (የጣሪያውን ጠርዝ ከፊት የሚሸፍነውን መቀነት) መሣሪያ ከፍቼ ጠርዙን ስመርጥ ፕሮግራሙ ፋሺያውን መሥራት እንደማይችል ነገረኝ። ፕሮፋይሉን (በጠርዙ ላይ የሚጎተተውን ቅርጽ) ቀነስሁ፣ ጣሪያውን ሰርዤ እንደገና ሠራሁ፣ መልሱ ግን ያው ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ሞዴል ኢን ፕሌስ (ቅርጽን እዚያው በፕሮጀክቱ ውስጥ መሥሪያ) ውስጥ ገብቼ በስዊፕ (ፕሮፋይልን በአንድ መስመር ላይ በመጎተት)፣ መንገዱን ከጣሪያው ጠርዝ ላይ በቀጥታ በመምረጥ ሞከርሁ። ይህ ዘዴ በአንድ ንጣፍ (ፍጹም ጠፍጣፋ ገጽ) ላይ የማይተኛ መስመርንም ስለሚቀበል ፋሺያው ወጣ፤ ነገር ግን አናቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ፕሮፋይል ወደ ዳር ሲደርስ እያዘመመ ሄደ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ሴክሽን ሲቆርጡት ግን በየቦታው የተለያየ ማዕዘን አለው፤ ለሚሠራው ሰው ምን ዓይነት ዲቴይል እንደምሰጠው ጠፋኝ።

ጥፋቱን መጀመሪያ የፈለግሁት ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር፤ እውነትም ሁለት ጥፋቶች አገኘሁ። አንደኛው፣ የፊት ገጹን ቅስት የወሰድሁበት የአውቶካድ (የሥዕል ፕሮግራም) ፋይል ውስጥ መስመሩ እውነተኛ ቅስት ሳይሆን በትንንሽ ቀጥታ መስመሮች የተቀጣጠለ ፖሊላይን ነበር። በላዩ ላይ መስመር ስመርጥ ጠርዙ በብዙ ቁራጭ ይከፋፈላል፤ ከቁራጮቹ አንዳንዶቹም እጅግ አጭር ነበሩ፤ ሬቪት ደግሞ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሰ መስመር አይቀበልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመጣውን መስመር ለመመልከቻ ብቻ ተጠቅሞ፣ በላዩ ላይ በሁለት ጫፍና በራዲየስ የተወሰነ አንድ ቅስት መሣል ነው።

ሁለተኛው ጥፋት በአካባቢያችን ለምንሠራ ሁሉ የተለመደ ይመስለኛል። የቅየሳው ፋይል በዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚለካው ሥርዓት) መጋጠሚያ ስለተሠራ ወደ ሰሜን ያለው ቁጥር ከ1,000,000 ሜትር በላይ ነው፤ እኔም ፋይሉን መነሻ ከመነሻ አጋጥሜ አስገብቼው ስለነበር ሕንጻው ከሬቪት ውስጣዊ መነሻ ነጥብ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ተቀመጠ። ሬቪት ከዚያ ነጥብ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ክልል ውስጥ ካልተሠራበት የጥምዝ ጠርዞች አሣሣሉ ይዛባል፤ መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ መገጣጠሚያዎቹም ይከፈታሉ። ሕንጻውን መነሻው አጠገብ ሠርቶ ትክክለኛውን ቦታ በጋራ መጋጠሚያ ማሳወቅ ይገባል። ድሬዳዋና ሐረር የሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበል፤ የዞን መለያው 42ኛው ዲግሪ ምሥራቅ በሁለቱ ከተሞች መካከል ስለሚያልፍ፣ ድሬዳዋ በዞን 37፣ ሐረር ደግሞ በዞን 38 ውስጥ ይወድቃሉ። የሁለቱን ቅየሳ ሳያዩ በአንድ ፋይል የሚያጋጥም ሰው ሕንጻው የት እንደ ሄደ ሲፈልግ ይውላል።

እነዚህን ሁለቱን አስተካክዬ ስጨርስ መስመሩ ጠራ፤ ፋሺያው ግን አሁንም እንዳዘመመ ነው። በዚህ ጊዜ የሞዴሉን ሥዕል አትሜ፣ ሥራውን ይሠራል ወደ ተባለው ላሜራ ቤት ሄድሁ። ድሬ ከቀትር በኋላ በሙቀቱ ጸጥ ስለምትል ቤቱ የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ እኔም ማልጄ ነበር የደረስሁት። የቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አቅንተው ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼ ተዘርግቶ ላሜራ ላይ ይተኛል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

አይተኛም ነበር። በጠማማ መስመር ላይ ፕሮፋይል ሲጎተት የሚፈጠረው ገጽ በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ ስለሚሆን፣ ሳይሳብና ሳይሸበሸብ ጠፍጣፋ ሊሆን አይችልም፤ የብርቱካን ልጣጭ በጠረጴዛ ላይ ሳይቀደድ እንደማይተኛ ማለት ነው። ያን ዓይነት ገጽ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ለመኪና ቦዲ ያወጡታል፤ ለ13 ሜትር ፋሺያ ግን የሚሞክረው የለም። እኔ የሥዕል ችግር አድርጌ የያዝሁት ነገር፣ ለካ ገጹን የመምረጥ ጉዳይ ኖሯል።

«እንግዲያው ጋሼ፣ የሚዘረጋው የትኛው ነው?» አልኋቸው። እርሳቸውም ከጎናቸው የነበረ የጭስ ማውጫ ቱቦ አንሥተው፣ እንዲህ ያለው ነው፣ በአንድ በኩል ብቻ የጎበጠው ተቆርጦ ሮል ይደረጋል አሉኝ። ነገሩ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። ፋሺያው ጠርዙን ተከትሎ የሚጎተት ፕሮፋይል መሆን የለበትም፤ በፕላኑ ቅስት ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሲሊንደር ላይ ተቆርጦ የቀረ መቀነት መሆን አለበት። የቆመ ሲሊንደር ይዘረጋል፤ ከላይና ከታች የፈለገው ዓይነት ጥምዝ ቢቆርጠውም መዘርጋቱን አይተውም።

በሬቪት አሠራሩ ከስዊፕ ይልቅ እጅግ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ሞዴል ኢን ፕሌስ ውስጥ ምድቡን ጣሪያ ብዬ ገባሁ። በፕላን ላይ የፋሺያውን ውፍረት ያህል የሚራራቁ ሁለት ቅስቶች ሥዬ ጫፎቻቸውን ዘጋሁና፣ ከጣሪያው አናት በላይ እስኪያልፍ ድረስ ወደ ላይ ኤክስትሩድ አደረግሁት፤ ይህ እንደ ጎበጠ አጥር የቆመ ቀጭን ግድግዳ ነው። ከዚያ በፊት ገጽ እይታ ላይ ሁለት ቮይድ (የነካውን ቆርጦ የሚያስወግድ) ኤክስትሩዥኖች ሠራሁ፤ አንዱ ከጣሪያው ቅስት በላይ ያለውን ሁሉ፣ ሌላው ከፋሺያው የታችኛው ቅስት በታች ያለውን ሁሉ የሚበላ ነው። መካከል ላይ የቀረው መቀነት ፋሺያው ነው። ቮይዶቹ በሁሉም በኩል ግድግዳውን ቢያንስ በ50 ሴንቲ ሜትር እንዲያልፉት አድርጉ፤ የቮይዱ ገጽ ከግድግዳው ገጽ ጋር እኩል ሲሆን ፕሮግራሙ እንደ ወረቀት የሳሳ ትራፊ ይተዋል ወይም መቁረጡን ይከለክላል።

የታችኛው ቅስት እንዴት ይሁን የሚለው ብዙ ሰው የማያስብበት ጥያቄ ነው። የላይኛውን ቅስት እንዳለ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ብታወርዱት፣ ፋሺያው በቱንቢ ሲለካ በየቦታው 30 ይሆናል፤ ዳር ላይ ግን ጣሪያው 37 ዲግሪ ገደማ ስለሚያዘነብል፣ ከፊት ለሚያየው ሰው ወርዱ 24 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይመስላል፤ አዳራሹም ጫፉ ላይ የቀጠነ ቅንድብ ያለው ይሆናል። እኔ ሁለቱን ቅስቶች ከአንድ ማዕከል፣ አንዱን በ10 ሜትር፣ ሌላውን በ9.70 ሜትር ራዲየስ አወጣኋቸው። እንዲህ ሲሆን ወርዱ ለዓይን እኩል ነው፤ በቱንቢ ሲለካ ግን ዳር ላይ ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ላሜራው የሚቆረጠው በዚህኛው ልክ መሆኑን ሥዕሉ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

ቀጣዩ ጉዳይ በላይኛው ጠርዝ ላይ ላሜራውንና የጣሪያውን ቆርቆሮ አንድ ላይ የሚዘጋው 60 ሚሊ ሜትር ክብ ቱቦ ነበር። ቱቦ አይዘረጋም፤ ይጎብጣል እንጂ፤ ጠርዙ ደግሞ በአንድ ንጣፍ ላይ ካልተኛ ቱቦው በሁለት አቅጣጫ መጉበጥ አለበት። ይህንንም ላሜራ ቤቱ ነው የፈታልኝ። ሽማግሌው ስለ ቱቦ ሲያወሩ፣ እኩል የሆኑ ሁለት ቱቦዎች በቀጥተኛ ማዕዘን ሲጋጠሙ ስፌቱ ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር እንደሚሆን፣ አንዱ ሲወፍር ግን ስፌቱ እንደሚጎብጥ እንደ ዋዛ ተናገሩ። ማታ ቤቴ ገብቼ በስሌት አየሁት፤ ትክክል ነው። የጣሪያው ሲሊንደርና የፊት ገጹ ሲሊንደር አንድ ራዲየስ ካላቸውና ማዕከላዊ መስመሮቻቸው ከተቋረጡ፣ የሚገናኙበት ጥምዝ 45 ዲግሪ ባዘመመ አንድ ንጣፍ ላይ የተኛ ሞላላ ይሆናል። የእኔ ጣሪያ 10፣ ፊቴ 12.75 ስለነበረ ነው ነገሩ የጠመመብኝ።

እውነቱን ለመናገር ያ ጥመት ያን ያህል ትልቅ አልነበረም፤ ሳሰላው ጠርዙ ከንጣፉ የሚርቀው 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያን የሚያህል ልዩነት ረጅም ቱቦ በተከላ ጊዜ ተገፍቶ ይቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን በሥዕል ላይ የጠማማ መስመርን ትክክለኛ ርዝመትና ራዲየስ የሚያሳይ አንድ እይታ የለም፤ በወለል ላይም ልኩን ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ የፊት ገጹን መውጫ ከ1.5 ወደ 2 ሜትር አሳደግሁት፤ ራዲየሱም ወዲያውኑ 10 ሆነ። የጨመረው 50 ሴንቲ ሜትር ከይዞታው ወሰን መራቅ የሚገባውን ርቀት እንደማይነካ አረጋግጬ ለባለቤቱ ሳሳየው፣ ከበፊቱ ይልቅ ወደደው፤ በረንዳው ሰፍቶለታል።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በቁጥር ይገኛል። የቱቦው ሞላላ በራሱ ንጣፍ ላይ 12 ሜትር ስፋትና 2.83 ሜትር ከፍታ አለው፤ ርዝመቱ 13.65 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሦስት ባለ 6 ሜትር ቱቦዎች ይወጣል። ጉብጠቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አናቱ ላይ ራዲየሱ 7.07፣ ዳር ላይ ደግሞ 11.2 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለበያጁ «በዚህ ራዲየስ አጉብጥ» ማለት አይቻልም። ወለሉ ላይ በሲባጎ ቀጥታ መስመር ዘርግተን፣ ከመካከል ተነሥተን ወደ ጎን 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ሜትር ስንሄድ፣ ጥምዙ ከአናቱ 71፣ 286፣ 651፣ 1181፣ 1895 እና 2828 ሚሊ ሜትር እንዲወርድ በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ ቱቦውም በዚያ ላይ እየተጋደመ ተለካ። በሞዴሉ ውስጥ ቱቦው የስዊፕ ሥራ ነው፤ ፕሮፋይሉ ክብ ስለሆነ መዞሩ አይታይም፤ መንገዱንም ከፋሺያው ጠርዝ ላይ መምረጥ ይበቃል።

የፋሺያው የተዘረጋ ቅርጽ ደግሞ ከጠበቅሁት በላይ ንጹሕ ወጣ። ራዲየሶቹ እኩል ሲሆኑ፣ የላይኛው ጠርዝ ሲዘረጋ የሚሰጠው ጥምዝ ኮሳይን ነው፤ በቅስቱ ላይ ከመካከል ወደ ጎን 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ሜትር ሲለካ፣ የጠርዙ መውረድ 50፣ 199፣ 447፣ 789፣ 1224 እና 1747 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ6.435 ሜትር ላይ ዳሩ ደርሶ 2 ሜትር ይሞላል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ቁጥሮች ከቱቦው ቁጥሮች የተለዩ ናቸው፤ አንደኛው የሚለካው በተዘረጋ ላሜራ ላይ፣ ሌላው ባዘመመው ንጣፍ ላይ ነው። እኔ ሁለቱን ሰንጠረዦች በአንድ ገጽ ላይ አድርጌ ነበር፤ በኋላ ግን እንዳይምታቱ ብዬ ለየኋቸው።

ጠቅላላ ርዝመቱን 12.87 ሜትር በአሥር እኩል ቁራጭ ከፈልሁት። ቀኝና ግራው አንድ ስለሆነ የሚያስፈልገው አምስት ቅርጽ ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ። ዳር ያሉት ቁራጮች በጣም ስለሚያዘነብሉ በ2 በ1 ሜትር ላሜራ ላይ ቀጥ ብለው አይገቡም፤ አዘንብሎ ማስተኛት ግድ ነው። እንዲህ ሲደረግ ከአንድ ላሜራ ሁለት ቁራጭ ይወጣል።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። ቁራጩ በላሜራው ላይ አዘንብሎ ስለተቆረጠ፣ ሮለሩ ላይ የገባው ረጅም ጎኑን ተከትሎ ነበር፤ የተጎበጠውም በተሳሳተ አቅጣጫ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ምንም አላጠፋም፤ እኔ በሥዕሉ ላይ የቱንቢ መስመር አላኖርሁም። ሲሊንደሩ የቆመ ስለሆነ የጉብጠቱ ዘንግ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመው መስመር ነው፤ ቁራጩ ላሜራው ላይ እንዴትም ይተኛ እንዴት፣ ወደ ሮለሩ መግባት ያለበት የቱንቢው መስመር ከሮለሩ ዘንግ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው። ያን ላሜራ ከኪሴ ከፈልሁ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ሁለት የቱንቢ መስመር፣ የላይኛውን ጎን የሚያሳይ ቀስትና የቁራጩን ቁጥር እንዲሁም ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን አኖራለሁ።

በስኬችአፕ (ሌላ የሞዴል ፕሮግራም) የሚሠሩ ጓደኞቼ ይኸው ዘዴ ይሠራ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ይሠራል፤ ሁለቱን ገጾች አቆራርጦ ትርፉን ማጥፋት ነው። ነገር ግን በዚያ ፕሮግራም ቅስት ማለት የቀጥታ መስመሮች ስብስብ ነው፤ ካልተነገረው ቅስትን በ12፣ ክብን በ24 ቁራጭ ይሥላል። ስለዚህ ከመሣል በፊት የቁራጩን ብዛት ማሳደግ ያሻል፤ ከእርሱም የሚወሰደው ልክ ሳይሆን መልክ ቢሆን ይሻላል፤ ልኩ ከላይ ካለው ስሌት ይምጣ።

ስዊፕን ወይም የፋሺያውን መሣሪያ ጨርሶ አትንኩ ማለቴ አይደለም። ጠርዙ በአንድ ከፍታ ላይ ሆኖ በፕላን ብቻ ሲጎብጥ፣ ለምሳሌ የክብ ዳስ ወይም የጎበጠ በረንዳ ጠርዝ ሲሆን፣ መሣሪያው ያለ ችግር ይሠራል፤ ፕሮፋይሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚያስቸግረው ጥምዙ ከፕሮፋይሉ ወርድ ያነሰ ራዲየስ ሲኖረው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ገጹ በራሱ ላይ ስለሚታጠፍ ፕሮግራሙ ይከለክላል። የአሸንዳውም ነገር በእኔ ጣሪያ ላይ ቀላል ነበር፤ በርሜል ጣሪያ ውኃውን የሚያወርደው ወደ ሁለቱ ጎኖች ስለሆነ አሸንዳው በቀጥተኞቹ ጎኖች ላይ ይሄዳል፤ ጥምዙን ጠርዝ የሚነካው ነፋስ የሚገፋው ጠብታ ብቻ ነው።

በተከላው ላይ የቀረን የሙቀቱ ነገር ነበር። ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 12 እጅ ያህል ስለሚረዝም፣ 13.65 ሜትር ቱቦ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በድሬ ፀሐይ ላይ የሚውል ብረት ከሌሊት እስከ ቀትር ይህን ያህል መለዋወጡ አያስደንቅም። ስለዚህ ቱቦውን አናቱ ላይ ብቻ አጥብቀን አሰርነው፤ ወደ ዳር ያሉት ማሰሪያዎች ሞላላ ቀዳዳ አላቸው። ላሜራዎቹም ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተበየዱም፤ አንዱ በሌላው ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ተደርቦ፣ ወደ ዳር ያለው ቁራጭ ሁልጊዜ ከሥር እንዲሆን ተደርጎ ተጠመደ። ከተከላው በኋላ ሽማግሌው ከመንገዱ ማዶ ቆመው ለጥቂት ጊዜ አዩት፤ ከግራ ሦስተኛው መገጣጠሚያ ላይ አንድ ብሎን ይጥበቅ ብለው ወደ ላሜራ ቤታቸው ተመለሱ።